ስም አጥርቶ መጥራት
የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች፦ የተቸገሩ ቤተሰቦችን የሚደግፉ በጎ ፈቃደኞችንና አጋሮችን ስለ ማመስገን

ማኅበራችን በአዳማ 64 ቤተሰቦችን ይደግፋል። 47 በጎ ፈቃደኞችና 11 አጋሮች አሉን። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሰብስበን አመስግነናቸው አናውቅም። ዘንድሮ በበጎ ፈቃደኞች ቀን ዝግጅት ልናደርግ አስበናል፤ ገንዘባችን ግን ትንሽ ነው። ከምን እንጀምር?
(የማኅበር ጸሐፊ፣ ከአዳማ)

አዳራሽ ከመፈለጋችሁ በፊት የስም ዝርዝራችሁን አጥሩ። በምስጋና ዝግጅት ላይ ከሁሉ በላይ ሰው የሚቀየመው በስሙ መበላሸት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ደጅ ለደጅ ስትመላለስ የኖረች እናት የአባቷ ስም ተሳስቶ የተጻፈበት ወረቀት ቢሰጣት ግድግዳዋ ላይ አትሰቅለውም። ለጨዋነቷ ዝም ትላለች እንጂ ተቀይማለች።

ስለዚህ ከዝግጅቱ ስድስት ሳምንት አስቀድማችሁ አንድ ደብተር አዙሩ። እያንዳንዱ ሰው ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ በገዛ እጁ ይጻፍ። ኃይሉ ነው ወይስ ሀይሉ፣ ዓለሙ ነው ወይስ አለሙ፣ ፀሐይ ናት ወይስ ጸሐይ የሚለውን ባለቤቱ እንጂ ጸሐፊው አይወስንም። ማዕረጉንም ራሱ ይጻፍ፤ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት፣ ሲስተር፣ መምህር፣ ቀሲስ፣ ሐጂ፣ ሼህ የሚሉትን በግምት ማስገባት ብዙ ሰው አስቀይሟል። መጻፍ ለማይችሉ መታወቂያቸውን አይታችሁ ገልብጡና ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ዝርዝሩ በኮምፒዩተር ከተጻፈ በኋላ ታትሞ እንደገና ይዙር፤ ሁሉም ከስሙ ጎን ይፈርም። ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው የተፈረመበት ዝርዝር ብቻ ነው። ስልክ ላይ «እማዬ ሰፈር» ወይም «ኪዳኔ ዳቦ» ተብሎ ከተያዘ ስም ገልብጦ ሰርተፊኬት ያሳተመ ሰው የሚገባበትን ጣጣ ታውቁታላችሁ።

ከማተሚያ ቤት ጋር ደግሞ በየጊዜው የሚደገም አንድ ችግር አለ። ጽሑፉ በቆየ የፓወር ግዕዝ ፊደል ተጽፎ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ያ ፊደል ከሌለ ስሙ ሁሉ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። በዩኒኮድ ፊደል (ዘመናዊ ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚያውቁት) ጻፉና ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ ስጡ። መጀመሪያ አንድ ብቻ አሳትሙ፤ በወረቀት ላይ አይታችሁ ሌላውን ቀጥሉ። ወረቀቱ ከ250 እስከ 300 ግራም ያለው ጠንካራ ካርድ ቢሆን ይመረጣል። ፊርማና ማኅተም ከላሚኔሽን በፊት ነው የሚያርፈው፤ ፕላስቲክ ከለበሰ በኋላ ቀለም አይዝም። ማኅተሙ ሳይደርቅ ላሚኔት ከተደረገም ቀለሙ ይዘረጋል፤ አንድ ቀን አሳድሩት። አምስት ባዶ ሰርተፊኬት በትርፍ ያዙ።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንምጣ፤ ዋናው እሱ ነው። «ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» የሚለው ሐረግ ለ47 ሰው ከተደገመ ለማንም አልተጻፈም ማለት ነው። ሰው የሚያስታውሰው ሥራው በስሙ ሲጠራለት ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ከመስከረም 2017 እስከ ሐምሌ 2018 ዓ.ም በየሳምንቱ ማክሰኞና ዓርብ ለሦስት አረጋውያን ውኃ ስለ ቀዱላቸው፣ ልብሳቸውን ስላጠቡላቸውና ጤና ጣቢያ ስላደረሷቸው ማኅበራችን ያመሰግናል።» ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ የሚመለከተው ግን ያቺን በጎ ፈቃደኛ እንጂ ሌላ ማንንም አይደለም።

ይህን ለመጻፍ መዝገብ ያስፈልጋል። አንድ የተሰመረ ደብተር ይበቃል፦ ቀን፣ የበጎ ፈቃደኛው ስም፣ የቤተሰቡ መለያ ቁጥር፣ የተሠራው ሥራ፣ የፈጀው ሰዓት፣ ፊርማ። የቤተሰቡን ስም ሳይሆን ቁጥሩን የምትጽፉት ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር ነው። የየትኛው ቁጥር ባለቤት ማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር ቢሮ ተቆልፎበት ይቀመጥ። እስካሁን መዝገብ ካልያዛችሁ እያንዳንዱን ሰው «ዘንድሮ ከሠራሻቸው ሦስቱን ንገሪኝ» ብላችሁ ጠይቁና ከሠፈር አስተባባሪው ጋር አመሳክሩ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለን። ሥራን በዝርዝር መጥራት ቤተሰብን የሚያጋልጥበት ጊዜ አለ። አንዲት በጎ ፈቃደኛ «ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውን ቤተሰቦች ቤት ለቤት በመጎብኘት» ተብላ በመድረክ ብትጠራ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በየትኛው በር ስትገባ እንዳያት ያስታውሳል። እሷን ስታከብሩ ሦስት ቤት አጋለጣችሁ። የአእምሮ ሕመም፣ የቤት ውስጥ ጥቃት፣ የታሰረ የቤተሰብ አባል ያለበት ቤት ሁሉ እንዲሁ ነው። በእነዚህ ላይ ሰዓቱንና ጽናቱን ጥሩ፣ የሕመሙን ስም ተዉት፦ «ለ22 ወራት ሳያቋርጡ በየሳምንቱ ቤት ለቤት ስለጎበኙ» በቂ ነው።

ቀኑን በተመለከተ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1985 እ.ኤ.አ. የወሰነው ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ቀን ዲሴምበር 5 ነው። በእኛ ኅዳር 26 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ደግሞ ኅዳር 25። ግን ያ ቀን የሥራ ቀን ከሆነ አትጨነቁበት፤ የቀን ሠራተኛዋ በጎ ፈቃደኛ ደመወዟን ትታ አትመጣም። በሳምንቱ ውስጥ ሰው የሚመቸውን ቀን ጠይቁ። ዓርብ ቀትር ላይ ጁምዓ አለ፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ፣ ብዙ ሰፈር ደግሞ እሑድ የእድር ስብሰባ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ምግቡም ከዚያ ጋር ይታሰብ። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሻይና ቡና ማንንም አያስከፋም፤ ጾመኛውም ሙስሊሙም ከአንድ መሶብ ይቆርሳል። ሥጋ ካስገባችሁ ግን ሁለት ማዕድ ማሰናዳት ይመጣል፤ ለመጀመሪያ ዝግጅት አንመክርም።

ልኩን እንቁጠር። 58 ተመስጋኞች እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይዘው ቢመጡ 116 ይሆናሉ፤ ከእንግዶችና ከአስተናጋጆች ጋር 130 በሉት። አንድ ሰው ይዞ መምጣቱን አትከልክሉ፤ ባል ወይም ልጅ ያቺ ሴት በየማክሰኞው የት ትሄድ እንደነበር ሲሰማ ማየት ከዝግጅቱ ዋጋ ሁሉ ይበልጣል። ከሦስት ኪሎ ዱቄት የተጋገረ ድፎ ዳቦ ከ25 እስከ 30 ሰው ያዳርሳል፤ አምስት ድፎ ያዘጋጁ። ወንበርና ድንኳን ከእድር በውሰት፣ አዳራሽ ከትምህርት ቤት ወይም ከወረዳ በደብዳቤ ይገኛል።

ስም ጠርቶ፣ ሥራውን አንብቦ፣ ወረቀቱን መስጠት ለአንድ ሰው 40 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ለ58 ሰው 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ንግግር ሦስት ሰው ይበቃል፣ አምስት አምስት ደቂቃ። ቡናውን ጨምሮ በሁለት ሰዓት ማለቅ አለበት። የክብር እንግዳ እየጠበቃችሁ ተመስጋኞችን ሁለት ሰዓት በወንበር አታስቀምጡ። በጥሪ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ሲደርስ ጀምሩ፤ የባለሥልጣኑን ንግግር ከመሀል አስገቡት፣ ቢዘገይም ዝግጅቱ አይቆምም። የክብር እንግዶቹ እነዚያ 58ቱ ናቸው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለዱቄት ወይም ለትምህርት ቁሳቁስ ተብሎ የተሰጠን ብር ለዝግጅት አታውሉ፤ ሰጪው ቢስማማ እንኳ ስምምነቱን በጽሑፍ ያዙ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሦስተኛ ወገኖች (ከአባላቱ ውጭ ላሉ ሰዎች) ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የበጎ ፈቃደኞች ምስጋና በፕሮጀክት ዕቅዳችሁ ውስጥ ካልተካተተ ወጪው ወደ አስተዳደር ሊሄድ ይችላልና ሒሳብ ሹማችሁን ከወዲሁ አማክሩ። ለከርሞ ዕቅድ ስታወጡ አንድ መስመር ጨምሩበት።

ድጋፍ የሚያደርጉልን ድርጅቶች በምስጋናው ቀን የተረዱ ቤተሰቦች መድረክ ላይ ወጥተው እንዲናገሩ፣ ፎቶም እንዲነሱ ይፈልጋሉ። እናቶቹን ስንጠይቃቸው «እሺ» ይሉናል። ጥፋት አለው?
(የፕሮግራም አስተባባሪ፣ ከደሴ)

«እሺ» ያሉት ለማን ነው? ጠያቂው በየወሩ 15 ኪሎ ዱቄትና ሁለት ሊትር ዘይት የሚያድለው ሰው ከሆነ ያ እሺታ አይደለም። እናትየው ኩፖኑን በእጇ ይዛ «አይ» ብትል በሚቀጥለው ወር ስሟ ከዝርዝሩ ይሰረዝ እንደሆነ አታውቅም። እናንተ እንደማታደርጉት ታውቃላችሁ፤ እሷ ግን የምታውቅበት መንገድ የላትም። ስለዚህ የሚጠይቃት በእደላው እጁ የሌለበት ሰው ይሁን፤ በእደላ ቀን አይሁን፤ ቤቷ ሄዶ ይጠይቃት፤ ቢያንስ አንድ ቀን አሳድሮ እንደገና ይጠይቃት። በሁለተኛው ላይ ካመነታች መልሱ «አይ» ነው፤ ለምን ብላችሁ አትመርምሩ።

ስትጠይቁ ፎቶው የት የት እንደሚሄድ በግልጽ ንገሯት። «ለሪፖርት» ሲባል አንድ ወረቀት ላይ የሚቀር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ የግድግዳ ባነር፣ የውጭ አገር ለጋሾች የሚያዩት በራሪ ወረቀት እያላችሁ አንድ በአንድ ጥሩ። ሐሳቧን ብትቀይር ለማን እንደምትደውል ስልክ ስጧት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ እንደ ጤና ያለውን መረጃ የተለየ ጥንቃቄ ከሚያስፈልገው መድቦታል።

ሕፃናትን መድረክ ላይ አታውጡ። በዚህ ላይ የምንሰጠው የማቻቻያ ሐሳብ የለንም። የአሥር ዓመት ልጅ ዛሬ ደብተር ተቀብሎ ቢያጨበጭብ ነገ ክፍል ውስጥ «የእርዳታው ልጅ» ይሉታል፤ ያ ስም ከደብተሩ ይልቅ ይቆያል። እናትየው ፈቅዳ ቢሆን እንኳ የሚሰደበው እሱ ነው።

ታዲያ ለጋሹ ምን ይይ? የሚያየው ሥራውን ነው። የሚከተሉት ሁሉ ማንንም ሳያጋልጡ ልብ ይነካሉ። የታደሰ ቤት ጣራ ከመታደሱ በፊትና በኋላ፣ ሰውም የቤት ቁጥርም ሳይታይ፤ አንዲት እናት ራሷ ተናግራ ሌላ ሰው ያለ ስም የሚያነበው መልእክት፤ ስም ያልተጻፈበት የልጆች ሥዕል፤ በዓመቱ ስንት ልጅ ትምህርት ሳያቋርጥ እንደቆየ ከመዝገብ የወጣ ቁጥር። ለጋሹ «ሰው ማየት አለብኝ» ካለ በጎ ፈቃደኛዋን አገናኙት፤ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቤተሰቦቹ ግን ጨርሶ አይምጡ ማለታችን አይደለም። መምጣት የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፤ ማመስገን የእነሱም ወግ ነው። እንደ ማንኛውም እንግዳ ይጠሩ፣ ከሌላው ሰው ተቀላቅለው ይቀመጡ፤ «ተጠቃሚዎች» ተብሎ ለብቻ ረድፍ አይያዝላቸው። ቡናውን አፍልተው ማስተናገድ ከፈለጉም ደስ እያላችሁ ተቀበሉ። ሲረዳ የኖረ ሰው አንድ ቀን አስተናጋጅ ሆኖ መዋሉ ትልቅ ክብሩ ነው። በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ ምንም ነገር አታድሉ። ዘይትና ዱቄት ከመጣ ሰልፍ ይሆናል፤ ምስጋናውም ይቀራል።

አምና አንዲት ወጣት «የዓመቱ ምርጥ በጎ ፈቃደኛ» ብለን ሸለምን። ልጅቷ ይገባታል። ከዚያ ወዲህ ግን ስምንት ሰው ቀርቶብናል፤ «እኛ ምን ስንሠራ ነበር?» የሚል ወሬም ሰማን። ሽልማቱን እንተወው?
(የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ፣ ከሐዋሳ)

አዎ፣ ተዉት፤ ቢያንስ መዝገባችሁ ሦስት ዓመት እስኪሞላው። በአገር ደረጃ እንደ በጎ ሰው ሽልማት ያለው ከሕዝብ ጥቆማ ተቀብሎ ከማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ይመርጣል። እናንተ ጋ ግን ሁሉም ይተዋወቃል፤ አንዷ ከፍ ስትል ሌላዋ ወንበሯ ላይ ሆና ስታያት ያው የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። ወጣቷን ራሷንም አልጠቀማችኋትም፤ ከእኩዮቿ ለያችኋት።

ሁሉንም ማመስገን ይቻላል፣ የተለያየ ነገር በመጥራት። የአገልግሎት ዘመን አንዱ መንገድ ነው፤ አንድ ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት የሞላቸው እየተባለ። ዘመን ማንም የማይከራከርበት ቁጥር ነው። ሌላው በቡድን ነው፦ የቤት ጉብኝት፣ የቤት እድሳት፣ የጥናት እገዛ፣ የመጋዘን፣ የምዝገባ። መጋዘን ውስጥ ከረጢት የሚሸከሙትና ቁጥር የሚጽፉት ሁልጊዜ ይረሳሉ፤ ከእነሱ ጀምሩ።

ነገር ግን የቀሩት ስምንቱ በሽልማቱ ብቻ የቀሩ አይመስለንም። ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ በስልክ ሳይሆን ቤታቸው። ብዙ ጊዜ ከቅያሜው በታች ያልተከፈለ የትራንስፖርት ገንዘብ ይገኛል። በጎ ፈቃደኛ ደመወዝ አይጠይቅም፤ ከኪሱ ለታክሲ፣ ለስልክ ካርድ፣ አንዳንዴም ባዶ ቤት ገብቶ መውጣት ከብዶት ለሳሙናና ለስኳር ያወጣል። እሱ ሳይመለስለት መድረክ ላይ ለአንዷ ስጦታ ሲሰጥ ቢያይ ይከፋዋል፤ ይገባዋልም።

ሚኒባስ ደረሰኝ ስለማይሰጥ የመስመር ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ከየትኛው ሰፈር እስከ የትኛው ታሪፉ ስንት እንደሆነ ጽፋችሁ በደርሶ መልስ አባዙት፤ ለምሳሌ በወር ስምንት ጉብኝት ያላት 16 ጉዞ ይታሰብላታል። ታሪፍ ሲጨምር በዚያው ወር አስተካክሉት። ሰውየው በሠንጠረዡ ላይ እየፈረመ በየወሩ በታወቀ ቀን ይቀበል። «አበል» አትበሉት፤ የወጣ ገንዘብ መመለስ ነው፣ አበል ሲባል ሌላ ተስፋና ሌላ ወሬ ይከተላል። ገንዘቡ ውስን ከሆነ ድግሱን ትታችሁ ይህን ክፈሉ። ምስጋናው ከዚያ በኋላ ቢመጣ ሰው በደስታ ይቀበለዋል።

አንድ ዳቦ ቤት በየቀኑ 40 ዳቦ ይሰጠናል። ፋርማሲና የእንጨት ሥራ ቤትም ይረዱናል። ከሰርተፊኬት ሌላ ለአጋሮች ምን ማድረግ ይቻላል?
(አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

ቁጥሩን ደምራችሁ ስጧቸው። በቀን 40፣ በወር 26 ቀን፣ በአሥር ወር 10,400 ዳቦ ነው። ባለቤቱ ራሱ ደምሮት አያውቅም። ደብዳቤው ላይ ይህን ቁጥር፣ ስንት ቤተሰብ ቁርስ እንደበላበት፣ የትኛውም ቀን ሳይቋረጥ እንደቆየ ጻፉና ወደ ዳቦ ቤቱ ራሳችሁ ውሰዱት። ለማንበብ የሚመቸው ሠራተኞቹ በፈረቃ የሚገናኙበት ሰዓት ነው፣ ጠዋት ማለዳ። ዱቄቱ የባለቤቱ ነው፤ ያንን 40 ዳቦ ሌሊት ያቦካውና ከምድጃ ያወጣው ግን ሠራተኛው ነው። ስማቸው በደብዳቤው ግርጌ ይዘርዘር።

በዚያው ደብዳቤ ሌላ ነገር አትለምኑ። «በቀጣይም ድጋፍዎ እንደማይለየን ተስፋ እናደርጋለን» የሚለው የተለመደ መዝጊያ ምስጋናውን ወደ ልመና ይለውጠዋል። ልመናው ሌላ ወር፣ በሌላ ደብዳቤ ይምጣ።

ደረሰኝ ደግሞ ከምስጋና ወረቀት የተለየ ነው፤ ሁለቱን አታምታቱ። በቁጥር የተሰጠውን ዕቃ፣ መጠኑንና ቀኑን የሚገልጽ፣ ተከታታይ ቁጥር ያለው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ በእያንዳንዱ ርክክብ ይሰጥ። ነጋዴው ለሒሳቡ ይፈልገዋል፤ ለእናንተም ኦዲተር ሲመጣ መልስ ነው። አርማ ባነር ላይ የምትደረድሩ ከሆነ ሁሉም በአንድ መጠን ይሁን። ትልቁን የሰጠ ትልቅ አርማ ሲያገኝ 40 ዳቦ ሲሰጥ የከረመው ከታች ጥግ ይገባል።

እድርን አትርሱ። ድንኳን ያዋሰ፣ መዋጮ ከፍለው ለመጨረስ ያቃታቸውን አባላት የታገሠ እድር ከማንም በፊት አጋር ነው። ለእድር የሚሰጥ ምስጋና በአባላቱ ስብሰባ ላይ ይነበብ፤ ለሊቀመንበሩ በግል አይሰጥ።

በሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ጥቂት ሰዎች በአሜሪካ ተመዝግቦ የ501ሲ3 (ከግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጎት) ፈቃድ ባለው ማኅበራችን በኩል ኢትዮጵያ ውስጥ ቤተሰቦችን እንደግፋለን። ለጋሾቻችንንና እዚህ የሚያገለግሉንን ስናመሰግን መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ?

አለ፣ ዋናው ደብዳቤው ነው። ማንኛውም ሰው በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰጠ ከግብሩ ለመቀነስ ከማኅበሩ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። የማኅበሩ ስም፣ የገንዘቡ መጠን፣ በምላሹ ዕቃ ወይም አገልግሎት ተሰጥቶት እንደሆነና እንዳልሆነ መጻፍ አለበት። «በምላሹ ምንም አልተሰጠም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ብዙ ማኅበር ይዘላታል፤ ያለሷ ደብዳቤው ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) አይበቃም። ዕቃ ከሰጠ ዕቃውን ግለጹ፣ ዋጋውን ግን እናንተ አትተምኑ። ጥር ሳይወጣ ላኩላቸው፤ ሰው ግብሩን የሚሠራው ከዚያ ጀምሮ ነው።

የራት ትኬት የምትሸጡ ከሆነ፣ ትኬቱ ከ75 ዶላር ከበለጠ ምን ያህሉ ስጦታ እንደሆነ መንገር ግዴታችሁ ነው። በ100 ዶላር ትኬት የ35 ዶላር ራት ከበላ ስጦታው 65 ነው። ለበጎ ፈቃደኞቹ ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ የሰጡት ሰዓት ከግብር አይቀነስም፣ ለማኅበሩ ሥራ በገዛ መኪናቸው የነዱት ግን በማይል 14 ሳንቲም ይያዝላቸዋል፤ ቀኑንና ማይሉን ይመዝግቡ። በቀጥታ ለአንድ ቤተሰብ ወደ አገር ቤት የላኩት ገንዘብ ግን ጽድቅ ነው እንጂ ተቀናሽ አይሆንም።

ከአገር ቤት በድምፅ የሚላክ ምስጋና ከሁሉም ደብዳቤ ይበልጣል፤ በጎ ፈቃደኛዋ በራሷ አንደበት አንድ ደቂቃ ትናገር። በስልክ በቀጥታ ልታገናኙ ካሰባችሁ ልዩነቱ እናንተ ጋ በሙቀቱ ወራት ሰባት፣ በብርዱ ወራት ስምንት ሰዓት ነው። እናንተ ከሥራ የምትገቡበት የማታው ሰዓት አዲስ አበባ ላይ እኩለ ሌሊት አልፏል። ቅዳሜ ጠዋታችሁ ለሁለቱም ይመቻል።

አንድ አባት 12 ዓመት አገልግለውናል። በመድረክ እናመስግንዎ ስንላቸው «ቀኝህ የሚያደርገውን ግራህ አትወቅ» ብለው እምቢ አሉን። እናስገድዳቸው?
(አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

አታስገድዷቸው፤ «ድንገት እንጥራቸው» የምትለውም ሐሳብ አትሁን። ሙስሊም አባቶችም ስውር ምጽዋትን በዚሁ ልክ ያከብራሉ። ስማቸው በዝርዝር ይቅር፣ በፎቶ አይታዩ። ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ቤታቸው ሄደው፣ ቡና ተፈልቶ፣ ደብዳቤውን ለእሳቸውና ለቤተሰባቸው ብቻ ያንብቡ። 12 ዓመቱ ከመዝገብ ተቆጥሮ ይጻፍ።

በዚህ ዓመት አንዲት በጎ ፈቃደኛ አርፋብናለች። በዝግጅቱ እንዴት እናስባት?
(አንባቢ፣ ከአዳማ)

አስቀድማችሁ ቤተሰቧን አስፈቅዱ፤ አርባዋ ሳይወጣ ከሆነ የሐዘን ቤት ነውና ምርጫውን ለእነሱ ተዉ። ከፈቀዱ ስሟ በዝርዝሩ መጀመሪያ ይጠራ፤ ሥራዋ እንደ ሌሎቹ በሁለት መስመር ይነበብ። ሰርተፊኬቱን ከእሷ ጋር ቤት ለቤት ትሄድ የነበረችው ጓደኛዋ ለልጆቿ ትስጥ። ትጎበኛቸው የነበሩትን ቤቶች ማን እንደተረከበ በዚያው ሳምንት ወስናችሁ ለልጆቿ ንገሯቸው፤ እናታቸው ማክሰኞ ማክሰኞ ይጠብቋት ስለነበሩት ሰዎች ይጠይቃሉ።